ጠባብ አፍ ላለው የእንጨት ዕቃ የትኛውን የመፈልፈያ መሣሪያ ልምረጥ?

ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። አዘዞ በሚገኘው የእንጨት ሥራ ቤትዎ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት የሚያዞር ቶርኖ አለዎት፤ ጎድጓዳ ሳህን መሥራቱን ለምደውታል፤ አሁን ደግሞ ከወይራና ከዋንዛ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አፉ ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የጌጥ ዕቃ ሠርተው በጥምቀት ሰሞን ለሚመጣው እንግዳ ማቅረብ ይፈልጋሉ። ውስጡን ለመፈልፈል አንዱ ረጅም እጀታ ያለው ቆልማማ መሣሪያ ይበቃዎታል ይላል፤ ሌላው ከኋላ በብረት ክፈፍ የሚያዝ ዘንግ፣ ሦስተኛው ባለ መገጣጠሚያ ክንድ እንዲገዙ ይመክራል፤ በዚያ ላይ የግድግዳውን ውፍረት ለመከታተል ሌዘር ይሻላል ወይስ ካሜራ የሚል ክርክር ተጨመረብዎት። ገንዘብዎ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ስለሆነ የቱን ልያዝ ብለው ጠይቀዋል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱ ይከተላል። ለእርስዎ ቶርኖና ለዚህ ዓይነት ዕቃ የምመርጠው ከኋላ በክፈፍ የሚያዘውን፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ዘንግ ነው። እርሱንም ከውጭ አገር ከማስመጣት ይልቅ እዚሁ ጎንደር ከሚገኝ የብረት ቶርኖ ቤት ጋር ተነጋግረው ቢያሠሩት ይሻላል፤ ከውጭ የሚመጣው ምላጩ ብቻ ቢሆን በቂ ነው። ሌዘሩ በኋላ ይጨመራል፤ ካሜራውን ለጊዜው ይተዉት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የዕቃው ልክ ራሱ ትንሽ መታረም ይኖርበታል። ለመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ጥልቀቱን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ፣ አፉን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ሐሳብዎን ለማሳነስ ብዬ አይደለም፤ ሒሳቡ ያስገድዳል።

ጎድጓዳ ሳህን ሲሠሩ የመሣሪያ ማሳረፊያውን አዙረው ወደ ሳህኑ ውስጥ ማስገባት ስለሚችሉ ምላጩ ከማሳረፊያው የሚርቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብርሌ የመሰለ ዕቃ ግን ማሳረፊያ አያስገባም፤ ማሳረፊያው ከአፉ ውጭ ይቀርና ዘንጉ ያለ ምንም ድጋፍ እስከ ታች ድረስ ይዘልቃል። (ከበሮ የሚፈለፍሉ ባለሙያዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ከበሮ ከሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለሆነ ከሁለት ወገን ይገቡበታል።) ዕቃው 25 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ በአፉና በማሳረፊያው መካከል የሚቀረው ክፍተት ሲታከልበት፣ ያለ ድጋፍ የሚንጠለጠለው የዘንግ ርዝመት 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ጫፉ የተያዘ ክብ ዘንግ ሌላው ጫፉ ላይ ሲጫኑት የሚጎብጠው መጠን በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ይጨምራል፤ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ደግሞ ይቀንሳል። የሚንጠለጠለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ 8 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በአንጻሩ የዘንጉ ውፍረት ከ12 ወደ 18 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ጉብጠቱ ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዕቃዎን ጥልቀት ከ25 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲያወርዱት የሚንጠለጠለው ዘንግ ከ28 ወደ 23 ያጥራል፤ ይህች የ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ጉብጠቱን ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ትቀንሰዋለች፤ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ የሚያገኙት ጥቅም ነው። አፉንም በተመለከተ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ በ4 ሴንቲ ሜትር አፍ ውስጥ ሲገባ ለመንቀሳቀሻና ለሰጋቱራ መውጫ የሚተርፈው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አፉ 5 ሲሆን ትርፉ 3 ይሆናል። የአፉ ጥበት የዘንጉን ውፍረት ይወስናል፤ የዘንጉ ውፍረት ደግሞ የሚደርሱበትን ጥልቀት ይወስናል። ይህን ሰንሰለት ሳያዩ የመሣሪያውን ስም እያነጻጸሩ መግዛት ለብዙዎች የኪሳራ ምክንያት ሲሆን አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩዎትን አንድ ነገር ልጨምር። የሚጎብጠውን መጠን በተመለከተ ውዱ ብረትና ርካሹ ብረት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ብረቱን አግሎ በመንከር ማጠንከር ቶሎ እንዳይፋቅና ጎብጦ እንዳይቀር ያደርገዋል እንጂ በሥራ ላይ ያለውን የመለጠጥ ጠባዩን አይለውጠውም። ስለዚህ «ልዩ ብረት ነው» ተብሎ በብዙ ዋጋ የሚቀርብልዎት 16 ሚሊ ሜትር ዘንግ፣ ከተራ ብረት ከተሠራ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ይጎብጣል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልምጣ። ሰዎች አንድ ላይ የሚያምታቷቸው ሁለት የተለያዩ ኃይሎች አሉ፤ አንዱ መጉበጥ ነው፤ ሌላው መጠምዘዝ ነው። መጉበጥን ከላይ አየነው፤ መድኃኒቱ ወፍራም ዘንግና አጭር ርዝመት ብቻ ነው፤ ክፈፍም ሆነ ክንድ፣ ከኋላ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ከማሳረፊያው ወዲያ ያለውን ዘንግ አያጠነክረውም። መጠምዘዝ ግን የሚመጣው ምላጩ ከዘንጉ መሥመር ወደ ጎን ሲወጣ ነው። የዕቃውን ትከሻ ከውስጥ ለመድረስ ጫፉ የቆለመመ መሣሪያ የግድ ስለሚያስፈልግ ይህን ኃይል ማምለጥ አይቻልም። ምላጩ ከዘንጉ መሥመር 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ወጥቶ እንጨቱ በ10 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ታች ቢጫነው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እጀታ በመዳፍዎ ውስጥ እንዳይዞር አጥብቆ ለመያዝ የ30 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይፈልጋል። ይህ በሰላም ጊዜ ነው፤ ምላጩ እንጨቱን ነክሶ ሲይዝ የሚመጣው ኃይል ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ የእጅ አንጓ የሚጎዳውም ያኔ ነው። የመፈልፈያ ሥርዓቶች በሙሉ የሚለያዩት ይህን የጥምዘት ኃይል ማን ይሸከመው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው፤ እጅዎ፣ ክንድዎ ወይስ ቶርኖው።

በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ጥምዘቱን በሙሉ ለሠሪው ይተውለታል። አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስዎርዝ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእጅ በሚያዝ ቀጥና ቆልማማ ብረት እጅግ ጠባብ በሆነ አፍ ገብቶ ስስ ግድግዳ ያላቸው ዕቃዎችን በመሥራት ይህን ጥበብ ለዓለም አስተዋውቋል፤ ስለዚህ በእጅ አይቻልም የሚልዎትን አይስሙ። በእጅ መሥራት ምላጩ የሚነካውን ነገር ሁሉ በመዳፍ ያሰማል፤ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። እጀታው ግን ረጅም መሆን አለበት፤ ከማሳረፊያው ወደ ውስጥ ለሚገባው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቢያንስ 3፣ ቢቻል 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሊተርፍ ይገባል። በክንድ ላይ የሚታሰር ድጋፍ ያለው ዓይነትም አለ፤ ኃይሉን ከመዳፍ ወደ ክንድና ወደ ትከሻ ስለሚያሸጋግረው ከባዶ እጀታ ይሻላል፤ ነገር ግን ምላጩ በኃይል ቢነክስ ክንድዎ ከብረቱ ጋር የታሰረ መሆኑን አይርሱ። ጥልቀቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ፣ አፉም ሰፋ ላለ ዕቃ እኔ ራሴ ዛሬም የምመርጠው በእጅ የሚያዘውን ነው፤ ክፈፍ መትከልና መንቀል ጊዜ ይወስዳል። ለእርስዎ ሥራ ግን፣ በተለይም ለወይራ፣ ቀኑን ሙሉ በእጅ መያዝ አድካሚ ነው፤ የደከመ እጅ ደግሞ ስስ ግድግዳ ላይ ይሳሳታል።

ከኋላ በክፈፍ የሚያዘው ዘንግ በአሜሪካዊው ላይል ጄሚሰን ስም ከሚታወቀው ሥርዓት ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አለው። የዘንጉ ጅራት በላቲኑ የዲ ፊደል ቅርጽ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ከቶርኖው አልጋ ላይ ኮንትራፑንታው (የእንጨቱን ሌላ ጫፍ የሚደግፈው ክፍል) ይነሳና በቦታው ሁለት አግድም ብረቶች ያሉት ክፈፍ ይታሰራል፤ አንዱ ብረት ከጅራቱ በላይ፣ ሌላው ከበታቹ ይሆናል። ጅራቱ በሁለቱ መካከል ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንደ ልቡ ይንሸራተታል፤ መዞርም ሆነ መነሳት ግን አይችልም። ስለዚህ ምላጩ ቢነክስም ጥምዘቱን የሚውጠው ክፈፉና የቶርኖው አልጋ ነው፤ እጅዎ አቅጣጫ ከመምራት በቀር የሚሸከመው ነገር የለም። ጉድለቱ ቦታ መፈለጉ ነው። ጅራቱ ከማሳረፊያው 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅና ምላጩ 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሆኖ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ፣ ጅራቱ በተቃራኒው 15 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ወደ ሁለቱም ጎን ሲታሰብ ክፈፉ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያሻዋል። በርዝመት ደግሞ የእንጨቱ፣ የማሳረፊያው ክፍተትና የዘንጉ ጅራት ተደምረው አንድ ሜትር ያህል አልጋ ይበላሉ። የቶርኖዎን አልጋ ርዝመት በጥያቄዎ ስላልጠቀሱ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሜትር ይዘው ከሞተሩ ራስ እስከ አልጋው ጫፍ ይለኩት። ከአንድ ሜትር የሚያንስ ከሆነ ክፈፉን ከአልጋው ጫፍ በሚወጣ የማዕዘን ብረት ላይ መትከል ይቻላል፤ ብየዳው ግን ጠንካራ፣ የማዕዘን ብረቱም ወደ ወለሉ የሚወርድ እግር ያለው ይሁን።

ባለ መገጣጠሚያው ክንድ እንደ ሰው ክርን የሚታጠፉ ሁለት ወይም ሦስት ቁርጥራጭ ብረቶች ያሉት ሲሆን የዘንጉን ጅራት አጥብቆ ይይዛል። ቦታ አይፈጅም፤ እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፤ ለአጭር ቶርኖም ይመቻል። በጥንቃቄ ከተሠራ ከክፈፉ የሚያንስ አይደለም፤ ሰውነትን የሚያሳርፍበት መንገድም ይበልጥ ደስ ይላል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጥቂት ልል ቢሆን ልልነቱ እየተደመረ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ለዚህ ደግሞ በልኩ የገባ ጥሩ ኩሽኔታ፣ በትክክል የተቦረቦረ ቤት ያስፈልጋል። ይህን በከተማችን ለማሠራት የሚችል እጅ የለም አልልም፤ ነገር ግን ሁለት አግድም ብረቶችን በትይዩ ከመበየድ ጋር ሲነጻጸር የሚሳሳቱበት ቦታ ብዙ ነው። ከውጭ ከተገዛ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ ውዱ ነው። ክፈፉን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀላል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ቢበላሽ እዚሁ የሚጠገን ስለሆነም ጭምር።

ለማሠራት ሲሄዱ የሚከተለውን ይዘው ይሂዱ። ፌሮ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ቢገጥምዎት አይቀበሉት፤ ጎርባጣው ገላው በማሳረፊያው ላይ አይንሸራተትም። የሚፈለገው ለስላሳ ክብ ዘንግ ነው። ያረጀ የመኪና ሾክ አብዞርበር ዘንግ በክሮም የተለበጠ፣ ቀጥና ለስላሳ ስለሆነ ለዚህ ሥራ እጅግ ይስማማል፤ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ካገኙ እድለኛ ነዎት። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንዳንዱ ሾክ አብዞርበር በውስጡ የታመቀ ጋዝ ስላለው ልምድ ያለው መካኒክ ሳያስተነፍሰው አይቆረጥ፤ በእሳትም አይሙቅ። በክሮም የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ስለሆነም ጅራቱ ላይ የዲ ቅርጹን ከመበየድ በፊት የሚበየደው ቦታ ክሮሙ ተፍቆ ይነሳ፤ ሠራተኛውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሥራ። ሁለት ዘንግ ያሠሩ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጫፉ የቆለመመ። በቆልማማው ላይ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ቆልማማው ክፍል በሙሉ ከማሳረፊያው ወዲያ፣ በዕቃው ውስጥ ይሁን፤ ማሳረፊያው ላይ የሚያርፈው ሁልጊዜ ቀጥ ያለው ክፍል ነው። ማሳረፊያው ላይ ቆልማማው ካረፈ ዘንጉ ራሱ መንከባለል ይጀምራል፤ ክፈፉም ብቻውን አይችለውም። የዘንጉ ጫፍ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምላጭ የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳና ከጎን በትንሽ ብሎን ይጠበቅ፤ ቀዳዳው ቀጥ ያለውም ሆነ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያዘነበለው ቢኖር ሥራውን ያቀልልዎታል።

የቁመቱ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምላጩ የሚሠራው ከቶርኖው ማዕከል ጋር በትክክል እኩል ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። በዕቃው ውስጥ ሲሆን ከማዕከሉ ከፍ ያለ ምላጭ በጫና ወደ ታች ቢጎብጥ ከግድግዳው ይርቃል፤ ራሱን ያድናል። ከማዕከሉ በታች ያለ ምላጭ ግን ሲጎብጥ ይበልጥ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ የመንከስ አብዛኛው ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ማሳረፊያውም ክፈፉም በዚሁ ቁመት ተስተካክለው ዘንጉ አግድም መተኛቱን በውሃ ልክ ያረጋግጡ። የክፈፉ ብረቶች ከፍ ዝቅ የሚሉበት ብሎን ካልተሠራላቸው ወደፊት ሌላ ውፍረት ያለው ዘንግ ለመጠቀም ይቸገራሉ።

ስለ ምላጭ የማወራው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች ከሚገባው በላይ ያስቡበታል። የብረት ቶርኖ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የኤች ኤስ ኤስ ብረት (ሲቆርጥ ቢሞቅም ስለቱ ቶሎ የማይለሰልስ የመቁረጫ ብረት) ተሰንጥቆ ወይም ተቆርጦ በሞተር ድንጋይ ላይ ጫፉ ክብ ሆኖ ከተሳለ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ክብ የካርባይድ ምላጭ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይደንዝ ይሠራል፤ ለወይራ ዋጋው ያስቆጫል አልልም። ትልቅነቱ ግን ፈተና ነው፤ ምላጩ በሰፋ ቁጥር የሚነካው የእንጨት ገጽ ይጨምርና ዘንጉ ይንቀጠቀጣል። በንዝረት የተቸገረ ሰው መጀመሪያ ምላጩን ያሳንስ። ኒውዚላንዳዊው ሮሊ ሙንሮ የሠራው ዓይነት፣ ፊቱ ላይ የመቁረጫውን ጥልቀት የሚገድብ መከለያ ያለው መሣሪያ ደግሞ እርጥብ እንጨትን በፍጥነት ይልጣል፤ ለስላሳ ገጽም ይተዋል። ነገር ግን ሰጋቱራ እየጠለፈው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፤ አፉ በጠበበ ዕቃ ውስጥ ይህ እጅግ ያበሳጫል፤ ስለዚህ ለእርስዎ ሁለተኛ ግዢ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

የእንጨቱም ጠባይ በምርጫው ላይ ድርሻ አለው። ዋንዛ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ክፉ ዘንግ እንኳ ይታገሰዋል፤ ምላጩ ሲደንዝ ግን ጭረቱ እየተቦጨቀ ገጹ ጠጕር ያወጣል። ወይራ ከባድ፣ ጥብቅና ቅባት ያለው ነው፤ ሲቆረጥ ያምራል፤ ነገር ግን ኃይል ይፈልጋል፤ ሲሞቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥርዓቱን ሲሞክሩ በዋንዛ ይጀምሩ፤ መሣሪያውን የሚመዝኑት ግን በወይራ ነው። እንጨቱን ገና እርጥብ ሳለ መፈልፈል ጉልበት ይቆጥባል። ያን ካደረጉ የግድግዳው ውፍረት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑ ከምንም በላይ ያስፈልጋል፤ ወፍራሙና ስሱ በእኩል ፍጥነት ስለማይደርቁ ስንጥቁ የሚጀምረው ከመካከላቸው ነው። በጎንደር የበጋ አየር የተፈለፈለ እርጥብ ዕቃ ክፍት መደርደሪያ ላይ ማሳደር ስንጥቅ መጋበዝ ነው፤ በገዛ ሰጋቱራው ሞልተው በወረቀት ከረጢት ይክደኑት። የሚተርፈውን የወይራ ፍቅፋቂ አይጣሉት፤ ጋን ማጠኛ የሚፈልግ ጎረቤት አያጡም።

የግድግዳውን ውፍረት ለማወቅ ነው ሌዘርና ካሜራ የሚመጡት። የሌዘሩ አሠራር ቀላል ነው። ከዘንጉ ጋር አብሮ በሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ፣ ከዕቃው በላይ ውጭ ሆኖ ወደ ታች ያበራል፤ ነጥቡ ከምላጩ ጫፍ ለምሳሌ 7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያርፍ ይስተካከላል። ምላጩ ወደ ግድግዳው ሲቀርብ ነጥቡ በዕቃው ገላ ላይ እየሄደ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከእንጨቱ ይወድቃል፤ ያኔ ግድግዳው 7 ሚሊ ሜትር ቀረው ማለት ነው። ትከሻው፣ ሆዱና ታችኛው ክፍል የተለያየ አቅጣጫ ስለሚመለከቱ ነጥቡ በየክፍሉ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ይህን የማያደርግ ሰው ሆዱ ላይ ትክክል ሆኖ ትከሻው ላይ ይበሳል። በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን የምንሠራው በሩ ሰፊ በሆነ፣ ፀሐይ በሚገባበት ቤት ስለሆነ ቀይ ሌዘር በቀን አይታይም። አረንጓዴውን ይምረጡ ወይም የሥራ ቦታውን ወደ ጥላው ያዙሩት። ኃይሉ ዝቅተኛ የሆነውን ይግዙ፤ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ዓይን አያድርጉት።

ካሜራው ከሌዘሩ በአንድ ነገር ይበልጣል። ምላጩ ተመጥኖ በካሜራው ስክሪን (መስኮት) ላይ ሲሳል የዕቃውን ውጫዊ መሥመርና የምላጩን ቦታ አንድ ላይ ያያሉ፤ በየክፍሉ ማስተካከል የለም። ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ካሜራው የተረጋጋ ማቆሚያ፣ መስኮቱም የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ ደግሞ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ተተክሎ ጆሮው የእንጨቱን ድምፅ መስማት እንዲያቆም ያደርገዋል። ንዝረት ሲጀምር የሚነግርዎት ጆሮ ነው። ሁለቱም እስኪገዙ ድረስ ከወፍራም ሽቦ የተጠማዘዘ መለኪያ ይበቃል፤ ቶርኖውን አቁመው አንዱን ጫፍ በአፉ አስገብተው ሌላውን ከውጭ ያድርጉት፤ የውስጡ ጫፍ ግድግዳውን ሲነካ በውጭው ጫፍና በገላው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከሁለቱ ጫፎች ርቀት ሲቀነስ ውፍረቱን ይነግርዎታል።

ስለ መሣሪያው ይህን ያህል ካልኩ እንጨቱ እንዴት እንደተያዘ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በዘንጉ ላይ የሚያሳብቡት ንዝረት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ወይራ በትንሽ ማንድሪኖ (እንጨቱን ነክሶ የሚይዘው የቶርኖ ክፍል) ጥርስ ላይ ብቻ ቢንጠለጠል የትኛውም ዘንግ አያድነውም። በብሎን የሚታሰረውን ክብ የብረት ሳህን ይጠቀሙ፤ ብሎኖቹም ወደ እንጨቱ እምብርት አቅጣጫ በቁመቱ ስለሚገቡ ረጅም ይሁኑ። ለረጅሙ ዕቃ ሆዱን ከውጭ በሦስት ጎማዎች የሚደግፍ ክብ ክፈፍ ቢያሠሩ ደግሞ መልካም ነው፤ ያው የብረት ሠራተኛ ከተራ ኩሽኔታ ሊሠራው ይችላል። ከዚያም መጀመሪያ በማዕከሉ ላይ በፑንታ (በመሰርሰሪያ ብረት) እስከ ታሰበው ጥልቀት ይብሱ፤ ይህ ቀዳዳ ልክ ይነግርዎታል፤ ምላጩም ከመኻል ወደ ውጭ የሚሄድበትን መነሻ ይሰጠዋል። እንጨቱ በቁመቱ ስለተያዘ ከመኻል ወደ ውጭ የሚሄድ ምላጭ ጭረቱን ሳይቦጭቅ ይቆርጠዋል። ትከሻውን ጨርሰው ወደ ሆዱ ይውረዱ፤ ከሆዱ ወደ ታች፤ የታችኛው ክብደት ሳይነሳ የላይኛው ክፍል እንደማይንቀጠቀጥ ያስተውላሉ። አንድ ጊዜ ካለፉት በኋላ ወደ ትከሻው ተመልሶ ማሳሳት አይሞከርም።

ፍጥነቱን በተመለከተ የእንጨቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር በደቂቃ ዙር ብዛት ሲያባዙ ከ15,000 እስከ 23,000 የሚደርሰው ለውጭ ገላ የተለመደ ልክ ነው፤ ለ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ከ750 እስከ 1,150 ዙር ማለት ነው። በፍልፈላ ግን ከዚህ በታች፣ ከ500 እስከ 700 ይጀምሩ። የፊት መከለያና የአፍንጫ ጭንብል ይኑርዎት። ሰጋቱራ በውስጡ ሲከማች ምላጩን ጠምዶ ያስነክሰዋልና ቶሎ ቶሎ ቶርኖውን አቁመው ያውጡት፤ ጣት ወደ ሚዞር አፍ አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዘንጉን ከማሠራትዎ በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ የቶርኖዎን ማብሪያ ያረጋግጡ። መብራት በፍልፈላ መካከል ሲጠፋ ዘንጉ ጥልቅ ውስጥ እንዳለ እንጨቱ ይቆማል፤ ምላጩም ግድግዳውን ተደግፎ ይቀራል። መብራቱ በድንገት ሲመለስ ተራ ማብሪያ ያለው ቶርኖ ራሱ ይነሳል፤ ምላጩ ባለበት ይነክሳል፤ ዕቃውም ዘንጉም እጅዎም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋና በእጅ እስኪጫኑት የማይነሳ ማግኔት ያለው ማብሪያ በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ የሚያስገባልዎትን ኤሌክትሪሻን ይጥሩ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ሁሉ ደግሞ ማብሪያውን አጥፍተው ዘንጉን አስቀድመው ወደ ውጭ ይሳቡት።